በጉግሳ ጥግ የቆመው ሰው

አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያ ጭነት ከሚያወርዱት መካከል እንደ ጉግሳ ያለ ዝምተኛ አልነበረም። «ከነገሩ ጦም እደሩ» ባይ ነው። ማኅበር አይጠጣ፣ ዕድር አይገባ፤ ሰው ቤት አይሄድ፣ ሰው ቤቱ አይመጣ። የነበረው ነገር ቢኖር ወታደር ሳለ የተማረው ቡጢ ነው። ሥራ ሲያልቅ ከመጋዘኑ ጀርባ ሄዶ ጥጥ የታጨቀበትን ጆንያ ሲደበድብ ያመሻል። ጆንያ መልስ ስለማይሰጥ ሳይስማማው አልቀረም።

በ1959 ዓ.ም. ከአዋሽ አርባ ማዶ ያለው የጥጥ እርሻ ሠራተኞች «ቡጢኛችንን የሚችል ካለ ይሞክር» ብለው ደነፉ። ያሸነፈ አዲስ አበባ ሄዶ የቡጢ ቡድን ውስጥ ይገባል ተባለ። ጉግሳ ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። በዚህ ከተማ ስንት ዓመት ሲኖር «ዛሬ ምን ሆንክ?» ያለው ሰው የለም። ጥሎት መሄድ ነበር ምኞቱ።

ዳኛው ግን በጥጉ ቆሞ ውሃ የሚያቀብለው ሰው የሌለው ቡጢኛ አይገባም አለ። ሰው! ከየት ይምጣ? ቸግሮት ወሎዬው ጣሃ ዘንድ ሄደ፤ ሻይና ዳቦ የሚቀምሰው እሱ ሻይ ቤት ነው።

«ወላሂ ጉግሳ፣ እኔ ስለ ቡጢ የማውቀው ነገር የለም» አለ ጣሃ።

«ውሃና ፎጣ ይዘህ ቁም። ሌላ ነገር የለውም።»

ነበረው እንጂ! በቡጢ ሕግ ከጥግ ፎጣ ከተወረወረ «ሰውዬው በቅቶታል፣ ተሸንፈናል» ማለት ነው። ጉግሳ ይህን አልነገረውም። ለሰው ነገር ማስረዳት መች ለምዶ!

ግጥሚያው የተደረገው ከጣቢያው ፊት ለፊት ባለው ሜዳ፣ በገመድ በታጠረ መድረክ ላይ ነው። የእርሻው ሰው ወይፈን ያክላል፤ ከገባ ጀምሮ እጁን ያወናጭፋል። ጉግሳ ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ያለ ይመስል ግራ እጁን አስቀድሞ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ይጠብቃል። ነጥብ የሚገኘው በትክክል ባረፈ ምት እንጂ በድንፋታ አይደለም። ሰውዬው ስቶ ሲያልፍ አንዲት ግራ አፍንጫው ላይ ያሳርፍና ዞር ይላል። ሁለቱን ዙር በዚህ ብልሃት ወሰደ። በሦስተኛውና በመጨረሻው ዙር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጩና የጉግሳ ቅንድብ ተተረተረ፤ ደም ዓይኑን ሞላው። እሱ ግድም አልነበረው። ዙሩ ሊያልቅ ነው፣ ድሉም የእሱ ነው።

«ያ አላህ! ዓይንህን ጥረግ ጉግሳ!» ብሎ ጣሃ ፎጣውን ወረወረለት።

ዳኛው ጨዋታውን አስቆመና የእርሻውን ሰው እጅ ወደ ላይ አነሣ።

በማግስቱ ጣሃ መረቅ ይዞ መጣ። «አብሽር፣ ጉግሳ! አላወቅሁም፤ አፉ በለኝ» አለ ከበሩ ቆሞ። ጉግሳ በሩን አልከፈተለትም። ሻይ ቤቱንም ከዚያ ወዲያ አልረገጠም። ቆይቶ ጣሃ ለጥጥ ለቃሚዎች ሻይ ቤት ሊከፍት ወደ ዱብቲ ሲወርድ ሊሰናበተው መጣ፤ ጉግሳ ፊቱን አዞረ። ክፉ ሆኖ አይደለም። ኩርፊያ መጀመር እንጂ መጨረስ የማያውቅበት ሰው ነበር።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ጥጥ ጭኖ የመጣ ሾፌር ጉግሳ ሲባል ሰምቶ ጠጋ አለ።

«ቡጢኛው ጉግሳ አንተ ነህ? የዱብቲው ጣሃ እኮ ያንተን ወሬ አይጠግብም ነበር! ‹ወንድሜ ነው፤ እኔ ባላበላሽበት ይሄኔ አዲስ አበባ ነበር› ይላል።»

«እንደምን ነው እሱ?» አለ ጉግሳ።

«አልሰማህም እንዴ? ወባ ጣለው። ባለፈው ክረምት ቀበርነው።»

ጉግሳ የተሸከመውን ጆንያ አወረደ። በዚህ አገር ወንድሜ ያለው ሌላ ሰው አልነበረም፤ ይህንንም የሰማው ሰውዬው አፈር ከገባ በኋላ ነው። ለቅሶ እንዳይደርስ ለቅሶው አልፏል። አመሻሹ ላይ እንደ ኀዘንተኛ ደጁ ተቀመጠና ድምፁን ሳያሰማ አለቀሰ። ከሥራ የሚመለሱት የጣቢያው ሰዎች በፊቱ አለፉ። ሁሉም «እንደምን ዋልክ?» አሉት፤ «ያጽናህ» ያለው ግን አንድም ሰው አልነበረም።