ጋሼ መርከብ ያሉት ሥዕል

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ ማስረዳቱ ያታክተኝ ነበር። “መኪና ውስጥ፣ ከመሪው ፊት ለፊት የሚበሩ ትንንሽ ሥዕሎች አሉ አይደል? እነሱን የምሥለው እኔ ነኝ” ስል፣ “እነሱንም ሰው ይሥላቸዋል እንዴ?” ይሉኛል። ይሥላቸዋል እንጂ! በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ ፍራንክፈርት፣ ጥፍር በምታህል ሥዕል ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጎብጬ አውቃለሁ።

ያን ዓመት የያዝነው ሥራ ለዕቃ ማመላለሻ መኪኖች ነበር። ስክሪኑ ርካሽ፣ ባለ አንድ ቀለም ስለሆነ አደጋን በቀይ ማብራት አይቻልም፤ ሁሉን ነገር ሥዕሉ ራሱ መናገር አለበት። ለእኔ የደረሰኝ ሞተር ሲግል የሚበራው ምልክት ነው። ውሃ ውስጥ የቆመ ቴርሞሜትር ሣልኩ፦ ከታች ሁለት ሞገድ፣ መሀል ላይ ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ከጎኑ አጫጭር መስመሮች። ከልቤ ወደድኩት። አልዋሽም፣ ለአለቃዬ ያሳየሁት እየተኩራራሁ ነበር።

ሥዕል ከመጽደቁ በፊት ሾፌሮች ላይ ይሞከራል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ካርዱን ታሳያለሽ፣ “ይኼ ቢበራ ምን ያደርጋሉ?” ብለሽ ትጠይቂያለሽ፣ ከዚያ አፍሽን ትዘጊያለሽ። ፍንጭ መስጠት የለም። የተባለውን እንደወረደ ትጽፊያለሽ። ከዐሥር ሾፌሮች ሁለቱ ከሳቱ ሥዕሉ ይጣላል፣ እንደገና ይሣላል። አለቃዬ ከውጭ አገር የመጡ ሾፌሮች ላይ ይሞከር ሲል “ለእኔ ተዉት” አልኩ። ቦናመስ የሚባል ሰፈር ውስጥ በኪራይ አዳራሽ የምናመልክ የሐበሻ ጉባኤ ነበረን፤ ከወንዶቹ ግማሹ ሾፌር ነው።

እሑድ፣ አምልኮው እንዳለቀ፣ ጠረጴዛ ስቤ ካርዶቼን ዘረጋሁ። ከዘጠኙ አንዱ ሳተ። ዐሥረኛው ጋሼ ነበሩ። ጋሼ የጉባኤያችን ሽማግሌ ናቸው፤ ለኢነንሽታት፣ ለመሀል ከተማው፣ ሆቴሎች አንሶላና ፎጣ ያመላልሳሉ። እኔ እዚህ አገር በመጣሁ ሰሞን፣ የቢሮ ቀጠሮ፣ ቴርሚን፣ ባለኝ ቁጥር እንቅልፋቸውን ትተው በየቢሮው ደጃፍ አብረውኝ የተሰለፉ ሰው ናቸው።

ካርዱን ራቅ አደረጉት፣ ቀረብ አደረጉት። “መርከብ ነው” አሉ። “ባንዲራ ያለው።”

“ሺፍ? ፓፓ፣ መኪና ውስጥ ሺፍ?” አለች ትንሿ ልጃቸው መርከቡን በጀርመንኛ ጠርታ፣ አዳራሹም በሳቅ ፈረሰ። ጋሼም አብረው ሳቁ፤ ግንባራቸው ላይ ግን ላብ ችፍ አለ።

ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ትልቅ ሰው፣ ያውም የሚጸልዩልኝን ሰው፣ በጉባኤው ፊት እንደ ተማሪ ፈትኜ ልጣላቸው? “ኧረ ተቃርበዋል ጋሼ! ውሃው ልክ ነው። ሞተሩ ሲግል ነው የሚበራው፤ ያኔ ጥግ ይዞ ማቆም ነው” አልኩ።

“አዎ አዎ፣ እሱን ልል ነበር” አሉ።

ወረቀቱ ላይ “ልክ” ብዬ ጻፍኩ። አክብሮት ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። አክብሮቱስ ነበረ። ግን እሳቸው ከሳቱ ሥዕሌ ይወድቃል፤ እስክሪብቶዬን ሳነሳ ይህን አሳምሬ አውቀው ነበር።

ሥዕሉ ጸደቀ። በዓመቱ ገደማ የጋሼ መሥሪያ ቤት ያ ስክሪን ያለባቸውን አዳዲስ መኪኖች ገዛ። አንድ ዝናባማ ጠዋት ከሽቫንሃይም ሰፈር ወደ መሀል ከተማ ሲመጡ ምልክቱ በራባቸው። ጋሼ ሞገዱን አዩ፤ መንገዱ ውሃ ይዟል፣ ተጠንቀቅ ማለቱ ነው ብለው ፍጥነት ቀነሱ። ሞተሩ ጨሶ እስኪቆም ድረስ ቀስ ብለው፣ በጥንቃቄ ነዱት። በሳምንቱ የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው። ስድሳ ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው፤ በዚያ ዕድሜ ማን ይቀጥራቸዋል?

ይህን ሁሉ የሰማሁት ከራሳቸው አፍ ነው። ብርቱካን በፌስታል ይዘው ቤቴ ድረስ መጡ። ቁጭ ይበሉ ብላቸው እምቢ አሉ።

“ልጄ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።”

“ምን አድርገውኝ ጋሼ?”

“አንቺ እኮ በደንብ አስረድተሽኝ ነበር። እኔ ነኝ የረሳሁት። አለቃዬ፣ ቼፌ፣ ‘ይኼንን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል’ ብሎ ሲጮህብኝ አንቺ ነሽ ትዝ ያልሽኝ። የለፋሽበትን ሥራ አዋረድኩብሽ።”

ያ “ልክ” ብዬ የጻፍኩበት ወረቀት ቢሮ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። “ጋሼ፣ ጥፋቱ የሥዕሉ ነው፤ እርስዎ ያን ቀን ነግረውኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የደበቅኩት” ብዬ ላዩ ላይ ጽፌ፣ ፈርሜ ብሰጣቸው፣ ይዘውት ሄደው ስለ ሥራቸው ይከራከሩበት ነበር። እኔ ደግሞ የእኔን አጣ ነበር። ወይ እኔ! አፌ ውስጥ ያለውን ቃል መዋጥ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

ጋሼ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመው ይጠብቁኛል። “በይ፣ ይቅር ብያለሁ በይኝ” አሉ።

“ይቅር ብያለሁ” አልኳቸው።

እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ባረኩኝና ደረጃውን ወረዱ።