ኳስ ከመረብ ያሻገረ አንቀጽ

ዛሬ ኳስ ነክታ የማታውቀው የአማርኛ መምህርታችን የቮሊቦል ሰርቭ መትታ ከመረቡ አሻገረች! ያስመታት የተማሪ አንቀጽ ነው።

እዚህ ንፋስ መውጫ ከተማ፣ ትምህርት ቤታችን ውስጥ፣ በሁሉም ትምህርት አንቀጽ ይጻፍ ተባለ። እኔ የስፖርት መምህር ነኝ። "አንተ ደግሞ ምን ልታጽፍ ነው?" ብላ ከሁሉ በላይ የሳቀችብኝ ይህችው የአማርኛ መምህርት ነበረች።

ተማሪዎቼን "የቮሊቦል ሰርቭ እንዴት እንደሚመታ ጻፉ" አልኳቸው። እሷን ሜዳ ጠርቼ "የሚነበብልሽን ብቻ አድርጊ" አልኳት።

የመጀመሪያው ልጅ "ኳሷን ወደ ላይ ወርውሮ መምታት" ብሎ አነበበ። ወርውራ መታች። ኳሷ የቢሮው ጣሪያ ላይ አረፈች። (ርዕሰ መምህሩ በመስኮት አይተውን ሳቅ ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ እግዜር ይስጣቸው።)

ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማው ሰብለ "ቲቸር፣ እግራቸውን የት እንደሚያቆሙ አልተጻፈም እኮ!" አለች። ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ የራሷን አንቀጽ አስተካከለች፤ መጀመሪያ አቋቋሙን፣ ከዚያ አያያዙን፣ በመጨረሻ አመታቱን።

ጮክ ብላ አነበበች። መምህርቷ ሌላ ኳስ ይዛ ቃል በቃል ተከተለቻት። ኳሷ መረቡን አልፋ መሬት ስትነካ ሜዳው በእልልታ ተናጋ!

"ሰብለ፣ ነገ በእኔ ክፍለ ጊዜ በዚህ አንቀጽ አንቺ ታስተምሪያለሽ" አለቻት መምህርቷ፣ እያለከለከች።

እናንተስ፣ በየትምህርታችሁ ምን አጽፋችሁ ነው ተማሪ እንዲህ ያኮራችሁ? እስኪ ከታች አጫውቱኝ።