የማናንግ ቲካ ስምንት ካዝናዎች

ማናንግ ቲካን ያወቅኳት በተተረተረ ሱሪ ምክንያት ነው። እዚህ በዕድሜ ከፍ ያለችውን ሴት 'ማናንግ'፣ ወንዱን 'ማኖንግ' ብለን ነው የምንጠራው። እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ ዳናው ከተማ፣ ገበያው መግቢያ ላይ ጎማ እለጥፋለሁ። ያኔ ወደዚህ ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁም። አንድ ቀን የጂፕኒ ታክሲ ጎማ ልፈታ ቁጢጥ ስል ሱሪዬ ከኋላ ተተረተረ። በእጄ እየሸፈንኩ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ተጠግቼ በቅርብ ያገኘሁት ልብስ ስፌት ቤት ገባሁ።

ማናንግ ቲካ ማሽኗ ላይ ቁጭ ብላ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ከክሩና ከመቀሱ ጎን የሽጉጥ ካዝና፣ ያ የጥይት መያዣው፣ ተደርድሯል፤ ስምንት።

"ማናንግ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አልኳት።

ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። "የጋብቻ በዓሌ ስጦታ ነው። ለሌላዋ ሚስት ባሏ ወርቅ ይገዛላታል፣ ለእኔ ባሌ ካዝና ይሠራልኛል። በል አሁን ሱሪህን አውልቅና ያቺን መጋረጃ አገልድም።"

የሰው መጋረጃ አገልድሜ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ታሪኩን የሰማሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ እነሱ ቤት ሳልበላ ያለፈኝ እሁድ ትንሽ ነው።

ባሏ ማኖንግ ኡልፖ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሽጉጥ ፋብሪካ ውስጥ ብረት ሲሞርድ የኖረ ሰው ነው። እሷ ደግሞ ሽጉጥ በእጇ ነክታ አታውቅም ነበር። አንድ ቀን ምሳ ልታደርስለት ተኩስ ሜዳ ሄደች። ጓደኞቹ ለቀልድ "እስቲ ሞክሪ" ብለው ሰጧት። ለዒላማ የቆሙትን ብረቶች አንድ በአንድ ጣለቻቸው። ማኖንግ ኡልፖ እስከዛሬ "ምሳዬ የቀዘቀዘበት ቀን" እያለ ያወራዋል።

በዚያው ዓመት ስምንት ጥይት የምትይዝ ሽጉጥ በእጁ ሠራላት፣ ፈቃድም አወጣላት። የመጀመሪያዋን ካዝና ለጋብቻ በዓላቸው ሰጣት። በዓመቱም ሌላ ካዝና። እንዲህ እያለ ስምንት ሞላ። በእያንዳንዱ ግርጌ ላይ አበባ ይቀርጽበታል። የመጀመሪያውን ሲቀርጽ እጁ ስላልለመደ አበባው እግሩ የበዛ ሸረሪት ሆነ፤ ስለዚህ ያቺን ካዝና "ሸረሪቷ" ይሏታል። ስድስተኛዋ በኒኬል የተነከረች፣ እንደ መስታወት የምታበራ ናት። እሷን "ሙሽራዋ" ይሏታል።

ማናንግ ቲካ ለውድድር ስትወጣ አንዷን ካዝና ሽጉጧ ውስጥ ታስገባና ሰባቱን ወገቧ ላይ ትደረድራለች። እንደሷ ባለ ሽጉጥ የሚወዳደሩት ሌሎቹ ሦስት ወይ አራት መለዋወጫ ነው የሚይዙት። ሰባት ሙሉ ካዝና ደግሞ ይከብዳል። ቀበቶዋ ወደ ታች ይጎትታታል፤ የኋለኞቹ ካዝናዎች እያንዳንዱን እርምጃ ስትራመድ ወገቧን ይመቷታል። ስትሮጥ የድስት ክዳን የያዘ ሰው ነው የምትመስለው።

በዚህ በጣም የምትስቀው አበልጇ ትሩዲንግ ናት። ትሩዲንግ ገበያ ውስጥ ዓሣ ትሸጣለች፤ ድምጿ እኔ ጎማ የምለጥፍበት ድረስ ይሰማል። የማናንግ ቲካን ትልቁን ልጅ ክርስትና ያነሳችው እሷ ናት። በየዓመቱ በንግሥ በዓላችን ሰሞን የተኩስ ውድድር አለ፤ ሁለቱ አበልጃሞች ደግሞ የራሳቸው ደንብ አላቸው። የተሸነፈችው ሽርጥ ታጥቃ አሸናፊዋን ከነቤተሰቧ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ታስተናግዳለች፤ ሰው ሁሉ እያየ። ሦስት ዓመት ተከታትሎ ሽርጡን የታጠቀችው ማናንግ ቲካ ናት። ተሸንፋም የምትሸነፈው በትንሽ ነው፤ ሲተኩሱ እኩል ናቸው፣ ሲሮጡ ግን ትሩዲንግ ትቀድማለች።

አንድ እሁድ ደፍሬ ጠየቅኳት። ማኖንግ ኡልፖ ጓሮ ነበር።

"ማናንግ፣ ሰባቱን ሁሉ ለምን ትሸከሚያለሽ? አራቱ አይበቁሽም?"

ማሽኗን አቆመች። ጓሮውን በመስኮት አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ሙሽራዋ አትወጣም" አለችኝ።

"እንዴት አትወጣም?"

"ሌሎቹ ባዶ ሲሆኑ ቁልፉን ስጫን ራሳቸው ይወድቃሉ። እሷ ትጣበቃለች፤ በጣቴ ጎትቼ ነው የማወጣት። እስክጎትታት ትሩዲንግ ጨርሳ ቤቷ ትገባለች።"

"ታዲያ ንገሪው። ባለሙያ አይደል፣ ያስተካክላታል።"

"ያቺን ሲሠራ ከእኔ እየተደበቀ ስንት ቀን ለፋ መሰለህ! ሰጥቶኝ ሲያበቃ ፊቱን ብታየው! እንዴት ብዬ ነው ታስቸግረኛለች የምለው?"

"እሺ ቤት ተያት።"

"አንዷን ብተው 'የቷን ተውሽ? ለምን?' ይለኛል። ስምንቱንም ከያዝኩ ግን ሙሽራዋን መጨረሻው ኪስ ውስጥ እከታታለሁ። እሷ ጋ ሳልደርስ ዙሩ ያልቃል። ሰላም!"

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ቀጥላ ግን "ሽርጡ ሰለቸኝ፣ ልጄ። አንድ ጊዜ እንኳን፣ አንድ ጊዜ ትሩዲንግ ሩዝ ስታቀርብልኝ ማየት እፈልጋለሁ" አለችኝ። ይህን ስትል አልሳቀችም።

ዘንድሮ የንግሡ ሰሞን ዝናብ ጥሎ ሜዳው ጭቃ ሆነ። እኔም ሄጄ ነበር፤ እዚያ የመጣ ሰው እጁን አጣጥፎ አይቆምም፣ የተበሳውን የወረቀት ዒላማ እለጥፋለሁ። ጎማም ወረቀትም መለጠፍ ነው ሥራዬ። ማናንግ ቲካና ትሩዲንግ እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ ተያይዘው መጡ። አንዷ እዚህ ትቀድማለች፣ አንዷ እዚያ። አሸናፊዋ የምትለየው በመጨረሻው ዙር ሆነ።

ከመተኮሳቸው በፊት ሁሉም ሜዳውን ዞረው እንዲያዩ ይፈቀድላቸዋል። ማናንግ ቲካ በጣቷ እየቆጠረች ዞረች፤ ማኖንግ ኡልፖ ይከተላታል። ለውድድሩ ከተሠራው የእንጨት ግድግዳ ጥግ ስምንት ጥይት፤ ሮጦ ዝቅ ባለችው መስኮት አጎንብሶ ስምንት፤ ከበርሜሎቹ ኋላ ስምንት፤ መጨረሻ ላይ የቆሙ አራት ብረቶች። በድምሩ ሃያ ስምንት።

መስኮቷ ጋ ስትደርስ ለሙከራ አጎነበሰች። የኋላ ካዝናዎቿ ከእንጨቱ ጋር ተጋጩና ቀበቶዋ ተንሸራተተ።

ትሩዲንግ አየቻት። "አበልጄ! ሱቁን ከነመደርደሪያው ይዘሽው ነው እንዴ የመጣሽው? እኔ ሦስት ይዣለሁ፣ ሲያልቅብኝ ካንቺ እገዛለሁ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ማኖንግ ኡልፖም ትንሽ ሳቀ። ማናንግ ቲካ ግን ከመስኮቷ ስር ቀና አላለችም። እንደተጎነበሰች ባሏን ሽቅብ አየችው።

"ኡልፖ" አለችው፣ "ሙሽራዋ አትወጣም።"

"ምን?"

"ትጣበቃለች። ከሰጠኸኝ ቀን ጀምሮ።"

እኔ ወረቀት የምለጥፍ መስዬ ፊቴን አዞርኩ። ጆሮዬን ግን አላዞርኩም።

"ከሰጠሁሽ ቀን ጀምሮ?" አለ ማኖንግ ኡልፖ። "እና ዝም አልሽ?"

"እንዳይከፋህ ነዋ። ሌሎቹ ደህና ናቸው። ግን ከበዱኝ። ወገቤን ጨረሱት።"

ማኖንግ ኡልፖ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ተቆጣ ብዬ ነበር። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁና ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀ ነው።

"አንቺ ሴትዮ! እኔ እኮ ሁሉንም ተሸክመሽ ስትሄጂ እያየሁ 'ይቺ ሚስቴ ካዝና እንዴት ትወዳለች!' እያልኩ ነው በየዓመቱ የምጨምርልሽ! አምና ጉትቻ ልገዛልሽ ሱቁ ድረስ ሄጄ፣ ካዝናዋን ብትጠብቅስ ብዬ ተመለስኩ።"

"ጉትቻ?" አለች ማናንግ ቲካ። ቀና ስትል ጭንቅላቷን ከመስኮቱ ጋር አጋጨች።

"በይ በይ፣ ጊዜ የለም። ስንት ትይዣለሽ?"

"ሃያ ስምንቱን ሽጉጡ ውስጥ ያለችውና ሦስት መለዋወጫ ይጨርሱታል። አራተኛ ልያዝ፣ ለክፉ ዕድል።"

"የቷን?"

"ሸረሪቷን" አለች።

"ሸረሪቷ እኮ አሮጌ ናት። ፊቷንም እይው እስቲ!"

"እኔስ? አሮጌ ነገር አምኜ አይደል ከአንተ ጋር የኖርኩት?"

ሙሽራዋንና ሌሎች ሁለት ካዝናዎችን ፈታችና ሰጠችው። ኪሱ ውስጥ ከተታቸው። ሱሪው ወዲያው ወደ ታች ተንሸራተተና በሁለት እጁ ያዘው። የማናንግ ቲካ ቀበቶ ግን ወገቧ ላይ ልክ ሆኖ ተቀመጠ። አንድ ሁለቴ ዘለለች፤ የሚንኳኳ ነገር የለም።

መጀመሪያ ትሩዲንግ ተኮሰች። አልዋሽም፣ ቆንጆ አድርጋ ነው የተኮሰችው። አንድ ጥይት አልሳተችም፤ ሦስቱ መለዋወጫ በቅተዋት ጨረሰች። ወደ እኛ እየመጣች የሌለ ሽርጥ ከወገቧ ፈትታ ለማናንግ ቲካ የምታቀብል አስመሰለች።

ቀጥሎ ማናንግ ቲካ ቆመች። ዳኛው "አጉርሺ" አላት፣ አጎረሰች። "ተዘጋጂ" አለ። ሰዓቱ ጮኸ።

ከግድግዳው ጥግ ስምንቱን ጨርሳ ስትወጣ ማየት ነበር! እኔ ያቺ ሴት እንደዚያ ትሮጣለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። እየሮጠች ባዶዋን ጥላ ሁለተኛዋን አስገባች። መስኮቷ ጋ ዝቅ አለች፣ ምንም ነገር አልነካትም። ስምንት። ተነስታ ወደ በርሜሎቹ ስትሮጥ እጇን ወደ ወገቧ ሰደደች፣ ካዝናዋን መዘዘች፣ ላብ ያራሰው እጇ ከዳት። ካዝናዋ ጭቃ ውስጥ ገባች።

"ውይ!" አለ ሰው ሁሉ።

እሷ አላየቻትም። ለማንሳትም አልጎነበሰችም። እጇ በዚያው ወደሚቀጥለው ኪስ ሄደ። ከበርሜሎቹ ኋላ ስምንት ተኮሰች። አሁን አራቱ ብረቶች ቀሩ። ወገቧ ላይ የቀረችው አንድ ብቻ ናት፤ ሸረሪቷ።

ማኖንግ ኡልፖ አጠገቤ ነበር። ዓይኑን ጨፈነ። "ንገረኝ፣ ንገረኝ" ይለኛል።

"አስገባቻት" አልኩት። "አንዱ ወደቀ! ሁለቱ! ሦስቱ!" አራተኛውን መናገር አላስፈለገኝም፣ ብረቱ ሲወድቅ ድምፁን ሰማው። ሱሪውን ለቆ በሁለት እጁ አጨበጨበ። ከዚያ ሱሪው የት እንደደረሰ አልጽፍም፣ ባለትዳር ሰው ነው።

ዳኛው ሰዓቱን አነበበ። ማናንግ ቲካ በአንድ ትንፋሽ ያህል ቀድማለች። ሦስት መለዋወጫ ብቻ ይዛ ቢሆን ኖሮ አራቱ ብረቶች እንደቆሙ ይቀሩ ነበር። ሰባቱን ይዛ ቢሆን ደግሞ አሁንም መስኮቷ ስር ቀበቶዋን ታስተካክል ነበር።

ትሩዲንግ ወገቧን ይዛ ቆመች። "አበልጄ፣ ዘንድሮ ሱቁ ተዘጋ?"

"ዕቃ አሳነስኩ" አለቻት ማናንግ ቲካ። "አንቺ ግን ሽርጥሽን አንሺ፣ ርቦኛል።"

ትሩዲንግ ሽርጡን ታጠቀች። በዘንባባ ቅጠል የተጠቀለለውን ሩዝ እየፈታች፣ የተጠበሰውን አሳማ ቆዳው የሚንኮሻኮሸውን ቦታ እየመረጠች አቀረበችላት። "እመቤቴ፣ ጨው ይጨመር?" ስትል ማናንግ ቲካ "ትንሽ ዘገየሽ፣ ሠራተኛዬ" ትላታለች። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። ማኖንግ ኡልፖ ማንጎ ዛፍ ስር ተቀምጦ ሙሽራዋን በቀጭን ሞረድ ይሞርዳል። ሲበላም በግራ እጁ ይዟት ነበር። በኋላ ሽጉጧን ባዶ አድርጎ ካዝናዋን አስገባና ቁልፉን ተጫነ፤ ሙሽራዋ ዱብ ብላ ሳር ላይ ወደቀች። ያን ጊዜ ከትሩዲንግ በላይ ጮኸ።

ዘጠነኛው የጋብቻ ስጦታ ጉትቻ ሆነ። ትንሽ ናት፤ አበባም ተቀርጾባታል። ማናንግ ቲካ ስትሰፋም አታወልቃትም።

እናንተም በዳናው በኩል ካለፋችሁ እባካችሁ ሂዱና ጠይቋቸው። ቤታቸው ከገበያው ኋላ ነው፤ የማሽን ድምፅና የሞረድ ድምፅ አንድ ላይ የሚሰማበት ቤት። የሚጠገን ልብስ ይዛችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው፣ ባትይዙም መብላታችሁ አይቀርም። ሸረሪቷን አሳዩን በሏቸው። ጉትቻዋንም አድንቁላት፣ ደስ ይላታል። መንገዱ ከጠፋችሁ እኔን ጠይቁኝ፣ ገበያው መግቢያ ላይ ነኝ።