በሬ በሩጫ አይያዝም

የሰው ልጅ ረጅም ርቀት መሮጥ የቻለው አውሬ ሲያሳድድ ስለኖረ ነው የሚል ሐሳብ አንብቤ ነበር። አውሬ ይፈጥናል እንጂ እንደኛ አያልበውም፤ ሳንለቅ ከተከተልነው ሙቀቱ ራሱ ይጥለዋል። ወንበር ላይ ሆኖ ለሚያነብ ሰው አሳማኝ ነው። እኔ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሞከርኩት።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የገበሬውን መሬት ሊወስድ ነው ተብሎ ተቃውሞ የበረታበት ሰሞን ነው። መንገድ ስለተዘጋ ሥራ አልሄድኩም። ረፋድ ላይ ከአስፋልቱ በኩል ተኩስ ሲሰማ የጎረቤቴ በሬ ችካሉን ነቅሎ ፈረጠጠ። ጎረቤቴ ሰባን ያለፉ፣ ሰፈሩ «ኦቦ» የሚላቸው ገበሬ ናቸው። አንድ በሬ ብቻ ስላላቸው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር መቀናጆ ገብተዋል፤ ሁለቱን አብረው ጠምደው በተራ ያርሳሉ። የእሳቸው ተራ በማግስቱ ነበር። ካለፋቸው ማሳው ጦም ያድራል፤ ጦም ያደረ መሬት ደግሞ በዚያ ዘመን ለከተማው መሬት ለሚለካ ሰው «ባዶ ቦታ» ነበር።

«አብሬዎት ልሂድ» አልኳቸው።

ጫማዬን አዩ። «በዚህ?»

በሬውን ከሩቅ ሳየው እንዳነበብኩት ሮጥኩ። እሱም ሮጠ። ጉብታውን ዞሮ ሲጠፋ ሽማግሌው እያዘገሙ ደረሱብኝ።

«ተኩሱን ረስቶት ነበር» አሉ። «አሁን የሚሸሸው አንተን ነው።»

ከዚያ ወዲያ በእርምጃ ሆነ። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ፣ እኔ አቃስታለሁ። አንድ ቦታ ጎንበስ ብለው የተነጨ ሣር አሳዩኝ። «እዚህ በልቷል። የፈራ በሬ አይበላም።» መንገዱን በድንጋይ የዘጉ ወጣቶች ዘንድ ስንደርስ ሽማግሌው በኦሮምኛ ስለ በሬያቸው ጠየቁ።

«ፋዘር፣ መኪና ከልክለናል» አለ አንዱ በአማርኛ፣ ወደ ወንዙ እየጠቆመ። «በሬው ግን ሳያስፈቅደን አለፈ።»

በሬው ወንዙ ዳር ጎኑ እንደ ወናፍ እየተነፋ ቆሟል። አልቦኛል፤ እሱ ግን ሞቆታል። ንድፈ ሐሳቡ ሠርቷል ማለት ነው። ኩራት ቢጤ ተሰማኝና ገመዱን ልይዝ ተነሣሁ።

«ቁጭ በል» አሉ። «አድክመህ ብትበላው ደግ። እኔ ነገ ላርስበት ነው።»

ያነበብኩት ሁሉ ስለ ሥጋ እንጂ ስለ ነገ አልነበረም። ከቀደምት አባቶቻችን ውስጥም እንደ እኔ የሚሮጡ ሳይኖሩ አይቀሩም፤ የተረፍነው ግን ከኋላ እያዘገሙ ሣር በሚያዩት ይመስለኛል።

በሬው እስኪጠጣ፣ ትንፋሹ እስኪረጋ፣ ሣር እስኪነጭ ጠበቅን። ሽማግሌው ፊታቸውን ሳያዞሩበት ሲያርሱ እንደሚያናግሩት ቀስ ብለው ያናግሩት ነበር። ሲመለሱም አልጎተቱትም፤ በራሱ እርምጃ አስኬዱት።

በማግስቱ አረሰ፤ የመጀመሪያው ፈር ላይ ትንሽ ለገመ እንጂ እስከ ቀትር ማሳውን አገላበጠው። እኔ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ይህን ሁሉ ያየሁት በመስኮት ነው።