በስመኝ ላይ የጨመርኩት ስምንት ሴኮንድ

ይህን ወረቀት እስካነሣሁበት ቀን ድረስ ነገሩን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። በየዓመቱ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ፊታቸው እየተንበረከክሁ ያማሁትን፣ የተሳደብኩትን፣ ረቡዕ መሆኑን ረስቼ ወተት የቀመስኩትን ሳይቀር ተናዝዣለሁ። እሳቸውም ስግደት አዘውልኛል፤ ሰግጃለሁ። ይህችን ግን ሁልጊዜ ከምላሴ ሥር ይዣት ተነሥቻለሁ። አንዲት ልጅ ሮጣ ያሸነፈችውን ውድድር እኔ በአውራ ጣቴ ቀማኋት። ስምንት ሴኮንድ ጨመርኩባት። ተሳስቼ አይደለም። እጄም አልተንቀጠቀጠም። ቀንቼ ነው።

ትምህርቴ ጥቂት ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የቀረውን ከልጄ ደብተር ለቃቅሜ ተማርኩ። አገሬ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። ባሌ የውሃ አባት ነበር፤ ከወንዝ የተጠለፈውን የመስኖ ውሃ ለየማሳው በሰዓት እየለካ የሚያካፍል እሱ ነበር። ሲሞት የእጅ ሰዓቱ ለእኔ ቀረች፤ የውሃው ጠብም አብሮ ለእኔ ቀረ። ወንዶቹ መጀመሪያ ሳቁ። "እንግዲህ የውሃ እናት ተሾመችልን" አሉ። በሁለተኛው ዓመት የሚስቅ አልነበረም። የገዛ ወንድሜ ተራው አልቆ ቦዩን አልዘጋም ቢለኝ እኔው አካፋ ይዤ ደፈንኩበት፤ የሽንኩርቱ ግማሽ ደረቀ። ወንድሜ ዓመት ሙሉ አኮረፈኝ። ከዚያ ወዲህ "አንጓች ለእናቷም አታዳላ" ተባለልኝ። ይህን ስም እወደው ነበር። አሁን ሳስበው፣ ሰው ለማታለል ከዚህ የበለጠ ምን የሚመች ልብስ አለ?

ትርንጎ ጎረቤቴ ናት። አጥራችን አንድ፣ የጽዋ ማኅበራችን አንድ። በአንድ ክረምት ሴት ልጅ ወለድን፤ የእኔ እናኑ ተባለች፣ የእሷ ስመኝ። ሁለቱ ትምህርት ቤት የሚሄዱት እየሮጡ ነበር። አንድ ቀን የእኔ ትቀድማለች፣ አንድ ቀን የእሷ። ሰባተኛ ክፍል ሲደርሱ ለሁለቱም ሽማግሌ መጣ። እኔ እሺ አልኩ። መሬት ያለው ነው፣ በሬ ያለው ነው፣ የጨዋ ልጅ ነው ብዬ እናኑን ዳርኳት። ትርንጎ ግን ሽማግሌዎቹን ጠላ አጠጥታ፣ "ልጄ ገና ሩጫዋን አልጨረሰች" ብላ ሸኘቻቸው። መንደሩ ሳቀ። ከሁሉ ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ።

ሳቄ ብዙ አልቆየልኝም። ጧት ጧት ትርንጎ ልጇን አስከትላ ወደ አስፋልቱ ስትወጣ በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ። ልጅቱ ትሮጣለች፤ እናቲቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃታለች። በዚያው ሰዓት የእኔ ልጅ ከወንዝ ማዶ በሰው ቤት እበት ትዝቃለች። እኔ የሰጠሁትን ትርንጎ አልሰጠችም። እኔ የፈራሁትን አልፈራችም። ለምን? ከእኔ በምን ትበልጣለች? ስትስቅ ቀናሁ። ላሟ ስትወልድ ቀናሁ። ሰው "የሯጯ እናት" ብሎ ሲጠራት ከሁሉ በለጠ ቀናሁ። ክፉ እንዲመጣባት አልጸለይኩም፤ ያን ያህል አልደፈርኩም። ደግ እንዲመጣላት ግን አንድም ቀን አልጸለይኩም።

የመሬት ድልድሉ ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የትምህርት ቤቱ ስፖርት አስተማሪ አዲስ ውድድር ይዞ መጣ። በውጭ አገር ሰዎች በአንድ ቀን ዋኝተው፣ ሳይክል ነድተው፣ ሮጠው ይወዳደራሉ፤ እኛም በሴት ልጆቻችን እንሞክረው አለ። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። "ሴት ልጅ በሰው ፊት ተራቁታ ወንዝ ትግባልህ?" አሉት። አስተማሪው ራሱን አከከና፣ "እሺ አባቶቼ፣ ዋናው ይቅር፤ ውሃው ግን አይቅር" አለ። ልጆቹ ከትምህርት ቤቱ በር ተነሥተው ወንዝ ወርደው፣ ጀሪካን ሙሉ ውሃ አዝለው ዳገቱን ሊወጡ፣ ከዚያ ሳይክል ሊነዱ፣ ከዚያ ገበያውን ዞረው ሮጠው እበሩ ላይ ሊጨርሱ ሆነ። "ይኼማ ስንወዳደር ኖረናል ለካ፤ ሸላሚ ጠፍቶ ነው እንጂ" አለች ውሃ ቀድታ የምትመለስ አንዲት ሴት። በዚህ ሁሉም ተስማማ። ያሸነፈች ልጅ ፍኖተ ሰላም ትወሰዳለች፤ እዚያ እየሠለጠነች እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች።

በዚያ ሰሞን ለስመኝ ሌላ ሽማግሌ መጥቶ ነበር። አባቷ አበጀ በየጊዜው በሽማግሌ መለመኑ ሰልችቶታል። የማርያም ጽዋ እነሱ ቤት ተረኛ በነበረበት ቀን በሰው ፊት ቃሉን ሰጠ። "ካሸነፈች ትሂድ። ካላሸነፈች ለጥር እድራታለሁ፤ ከእንግዲህ እናቷንም አልሰማ።" ይህን ሲል እኔ ከጽዋው አጠገብ ነበርኩ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አላውቅም ነበር እንዳልል ነው ይህን የምጽፈው።

ሳይክሉ አንድ ብቻ ነበር። ስለዚህ ልጆቹ አንድ ላይ አልተነሡም፤ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ትነሣለች። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቢሮጡ የቀደመውን ሕዝብ ያያል፤ ዳኛ ቢዋሽ መቶ ዓይን ይይዘዋል። ለየብቻ ሲሮጡ ግን የቀደመውን የሚያውቅ ሰዓቱ ብቻ ነው፤ ሰዓቱን የሚያየውም የያዘው ሰው ብቻ ነው። የያዘው ሰው ከተበላሸ ውድድሩ ሁሉ ተበላሸ። አስተማሪው "ሰዓቱን ማን ይያዝ?" ሲል ሕዝቡ በአንድ አፍ "አንጓች" አለ። ከሁሉ ቀድማ ስሜን የጠራችው ትርንጎ ነበረች። አስተማሪው የሩጫ ሰዓቱን አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። በአውራ ጣት አንዴ ሲጫኑት ይነሣል፤ ደግመው ሲጫኑት ይቆማል። ከዚያ የቀለለ ነገር የለም።

አምስት ልጆች ነበሩ። ለአራቱ እግራቸው መስመሩን ሲረግጥ አቁሜያለሁ፤ እንደ ውሃው ተራ፣ ሳላዛንፍ። ከአራቱ የቀደመችው ከአዊ በኩል የመጣች ቀጭን ልጅ ነበረች። ስመኝ መጨረሻ ተነሣች። ውሃውን አዝላ ዳገቱን ስትወጣ ጠብታ አልፈሰሳትም።

ስመኝ ሳይክሉን ይዛ ስትወጣ ልጄ እናኑ መጣች። ልጇን አዝላ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ቆመች። ስመኝ በአስፋልቱ ቁልቁል ስትወርድ በዓይኗ ተከተለቻት፤ እስክትሰወር ድረስ አየቻት።

"እኔም እኮ እችለው ነበር፣ እማ" አለችኝ።

አልተቆጣችም። ዝናብ ይመጣል አይመጣም እንደምትል ያህል ነበር የተናገረችው። ከዚያ ልጁ አለቀሰባትና እያባበለች ዞር አለች።

ስመኝ በገበያው በኩል ብቅ አለች። ቀሚሷ ረጥቦ ጉልበቷ ላይ ተጣብቋል። ሕዝቡ እልል አለ። እግሯ መስመሩን ሲረግጥ ሰዓቱን አየሁ። ቁጥሩን አነበብኩት። የአዊዋን ልጅ በሦስት ሴኮንድ ትቀድማታለች። አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። አልተጫንኩም። ትርንጎ እጇን ዘርግታ ስትሮጥ እያየሁ አልተጫንኩም። ልጇን አቅፋ ላቧን በነጠላዋ ስትጠርግላት አልተጫንኩም። ፊቷ እንዴት ያበራ እንደነበር! ያን ፊት እያየሁ ነው ያልተጫንኩት። ከዚያ ተጫንኩ።

"ስንት ሆነ፣ እትዬ አንጓች?" አለ አስተማሪው።

ሰዓቱን አሳየሁት። ያየውን ጻፈ። በአምስት ሴኮንድ ተቀድማለች።

ስመኝ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ወደ እኔ ቀረበች። "እማማ፣ መስመሩን ካለፍኩ በኋላ ነው ያቆሙት መሰለኝ" አለች በቀስታ፣ አንገቷን ደፍታ። አስተማሪውም አመነታ። "ነገ ሁለቱ ብቻ ይድገሙት ይሆን?" አለ። "ይድገሙት" የምትል አንዲት ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ማንም አያውቅብኝም፤ ስሜም አይጎድልም። ለምን አልተናገርኩም? የተናገረችው ትርንጎ ናት።

"ተይ አንቺ፣ ትልቅ ሰው አታስቀይሚ" አለቻት ልጇን። "አንጓች ለእናቷም አታዳላ። የዘገየሽው አንቺ ነሽ።"

አበጀም "በአንጓች ሰዓት ማሳዬን ሳጠጣ ኖሬያለሁ፤ ሌላ ዳኛ አልሻም" አለ። በዚሁ አለቀ።

ለጥር ስመኝ ተዳረች። ለሠርጓ ጌሾ ወቅጫለሁ፤ ዳሱ ውስጥ ገብቼ አጨብጭቤያለሁ። ደስ አለሽ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ጥቂት ቀን ደስ ብሎኛል። ትርንጎ ጧት ወደ አስፋልቱ መውጣቷን ስትተው ደስ ብሎኛል። ቅናቴ ግን አልወጣልኝም። እንደ እኔ ልጇን ድራ፣ እንደ እኔ ልጅ የወጣበት ባዶ ቤት ስትቀመጥም ቀናሁባት፤ እሷ ማንንም ሳትከዳ ነበርና ባዶ ቤት የተቀመጠችው። ያቺ የአዊ ልጅስ? የሰው ዕድል ተሸክማ ፍኖተ ሰላም ገባች፤ ሳታውቀው የሌባ ተቀባይ አደረግኳት።

ምክንያት አላጣም። ለልጄ ተቆርቁሬ ነው ልል እችል ነበር፤ ግን ለእናኑ ምን አተረፍኩላት? የእኔን ኃጢአት በእሷ አንዲት ቃል ላይ አላላክክም፤ የዳርኳት እኔ፣ ያልተጫንኩት እኔ። ስምንት ሴኮንድ ምን አላት እንዳልል ደግሞ የውሃ ሰው ነኝ። ወንድሜን በአካፋ የከለከልኩት የስንት ደቂቃ ውሃ ነበር? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይህኛው አሥራ ስድስት ዓመት አደረና አልጠራም።

ይህን መጻፍ ከጀመርኩ በኋላ ወደ ትርንጎ ሄድኩ። ሁለታችንም አርጅተናል። ደጃፏ ላይ ድንች ትልጥ ነበር። ቆሜ ነገርኳት። ቢላዋውን አላስቀመጠችም፤ የያዘችውን ልጣ ሌላ አነሣች።

"ቀንተሽብኝ?" አለች።

"ቀንቼብሽ።"

"በእኔ? በምኔ? በዚች ጎጆ?" ልትስቅ ጀመረችና ተወችው። "እኔ እኮ በሰው ፊት ልጄን ተቆጣኋት። ለአንቺ ብዬ።"

እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዛ አቆመችኝ። "ለእኔ አትውደቂ። የእኔን እኔ አውቅበታለሁ። የእሷን ለእሷ መልሺላት" አለች። ድንቹን ይዛ ገባች። በሩን አልዘጋችውም፤ ግቢም አላለችኝም።

ስመኝ ዛሬ ደምበጫ ናት። አራት ልጆች አሏት። ማንበብ ትችላለች፤ ይህን ወረቀት ግን በሰው አልልክላትም፤ እኔው አውቶቡስ ተሳፍሬ እሰጣታለሁ፤ አንብባ እስክትጨርስ እቆማለሁ። የምታነቡት ሁሉ፣ ለእኔ አትዘኑልኝ፤ አሮጊት ናት ብላችሁ አታቅልሉልኝ። ይቅር በዪኝ ብዬ ስመኝን አልለምናትም፤ የነጠቅኋትን ሳልመልስ ሌላ ነገር ስጪኝ ልበላት? ዕድሜዋን መመለስ አልችልም። መመለስ የምችለው ይህን ብቻ ነው።

ስመኝ፣ እግርሽ መስመሩን ሲረግጥ ሰዓቱ ሠላሳ ስድስት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሴኮንድ ይል ነበር። አይቼዋለሁ። አሸንፈሽ ነበር።