ቅዳሴ ላይ የማያመኝ እግር

ሕመሙ የጀመረኝ ከግራ ባቴ ነው። ጆሃንስበርግ ውስጥ ከምኖርበት ሰፈር ከዱርንፎንቴን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ባቴ እንደሚጨመቅ ጨርቅ ጥምዝ ይላል። ቆም ስል ይለቀኛል። መንገዴን ስቀጥል ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይይዘኛል። አብራኝ የምትኖረው ልብስ ነጋዴዋ ዘነበች ትስቅብኝ ነበር።

«ደግሞ ቆሙ እትዬ? እንደ ታክሲ በየማዕዘኑ!»

ግራ ያጋባኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መቋሚያዬን ተደግፌ ቅዳሴው እስኪያልቅ ስቆም ምንም አያመኝም። ያን ሁሉ ሰዓት መቆም የቻለ እግር ጥቂት መንገድ እንዴት ያቅተዋል? ስንወጣ ደግሞ በር ላይ ሲጠብቀኝ የቆየ ይመስል ይመለሳል።

«ቤተ ክርስቲያን የማይገባ ሕመም ምን እንደሆነ ለእርስዎ አይነገርም» አለች ዘነበች። መንፈስ ነው ማለቷ ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ካሳደግኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ለዚህ ይሁን አላውቅም፣ ነገር ሳላጣራ አልቀበልም። ለዚህኛው ግን መልስ አጣሁ። ጸበል ጠጣሁ፤ ቅዳሴ አበዛሁ፤ መቆሙ የሚያሽለኝ መሰለኝ። የስኳር ሕመምተኛ መሆኔን አውቃለሁ። ከባቴ ጋር ግን አላገናኘሁትም።

የጆሃንስበርግ ክረምት ሲገባ እግሬ ቀዘቀዘ። ግራው ብቻ። ብርድ ነው አልን። ዘነበች የላስቲክ ከረጢት ሙቅ ውሃ ሞልታ ከእግሬ ሥር አደረገችልኝ። ሙቀቱ አልተሰማኝም። ሲነጋ አውራ ጣቴ ውሃ ቋጥሯል። ፈነዳ። አልደርቅ አለ። ጠቆረ።

ክሊኒኩ ወደ ሆስፒታል ላከኝ። ዶክተሯ ወጣት ናት። ጣቶቿን እግሬ ጀርባ ላይ አሳርፋ ጠበቀች። ቦታ ቀየረች። ደግማ ጠበቀች። የደም ግፊት መለኪያውን መጀመሪያ ክንዴ ላይ፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሰረች። ዶፕለር በሚሉት መሣሪያ የደሙን ድምፅ ፈለገች። የቀኙ ይሰማል። የግራው የለም ማለት ይቻላል።

«ፔሪፈራል አርቴሪ ዲዚዝ ይባላል» አለችኝ። «ወደ እግርዎ ደም የሚያደርሰው ቧንቧ ጠቧል። ቁስሉ ያልዳነው በቂ ደም ስለማይደርሰው ነው። ቧንቧውን መክፈት ካልቻልን እግሩን ልናጣው እንችላለን።»

እግሩን። ቃሉን ሰማሁ። አልገባኝም። መሬት ላይ ያለውን ጫማዬን አየሁ። ጥንድ ነበር።

«ታዲያ ቅዳሴ ላይ ለምን አያመኝም?» አልኳት።

ቅዳሴ ምን እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆም አስረዳኋት። አልሳቀችብኝም። «የቆመ ጡንቻ ትንሽ ደም ይበቃዋል፤ የሚራመድ ብዙ ይፈልጋል። ሲቆሙ ሕመሙ ዝም አለ እንጂ በሽታው አልሄደም።»

ደም ቅዳና ደም መልስን በማታ ትምህርት ተምሬያለሁ። ፈተና ላይም በትክክል ለይቻቸዋለሁ። በራሴ እግር ውስጥ እንዳሉ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

አንጂዮፕላስቲ ተደረገልኝ። ከብሽሽቴ ቀጭን ቱቦ አስገብተው የጠበበውን ቧንቧ በትንሽ ፊኛ ከፈቱት። ነቅቼ ነበር። ጣሪያውን አየሁ። ጸለይኩ፤ ቃሉ ተምታታብኝ። በኋላ እግሬ የሞቀ መሰለኝ። ራሴን ስላላመንኩ ዘነበችን «ንኪው» አልኳት። ነካችውና አለቀሰች።

«እኔ ነኝ የጠበስኩዎ!»

«ባትጠብሺኝ መች እመጣ ነበር?»

ከጣቴ ጫፍ ጥቂት ተቆረጠ። እግሬ ግን አለ። አሁን አስፕሪንና ስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ስኳሬን እቆጣጠራለሁ፤ ከታዘዘልኝ ሁሉ ይበልጥ ግራ የገባኝ ግን መራመድ ነው፤ ሕመሙ እስኪጠነክርብኝ እንድሄድ፣ ከዚያ እንድቆም፣ ሲለቀኝ ደግሞ እንድቀጥል፣ ጡንቻው በሚደርሰው ደም መሥራትን ቀስ በቀስ ይለምዳልና። ሰው ወደ ሕመሙ እየሄደ እንዴት ይታከማል? ዛሬም ሙሉ በሙሉ ገብቶኛል አልልም፤ ቢሆንም ድሮ ዳገቱ አጋማሽ ላይ የሚይዘኝ ሕመም አሁን ከላይ፣ ሙዝ ከምትሸጠው ጎጎ፣ አያት እንደማለት ነው፣ ዘንድ ስደርስ ነው የሚይዘኝ፤ እሷም በዙሉኛ «ሳውቦና ማማ» ብላ ሰላም ትለኝና እንድቀመጥ ሣጥኗን ታስጠጋልኛለች።

እግዚአብሔር ይመስገን፤ ጥያቄዬን ያልናቀችውን ዶክተርም ይባርክልኝ። እናንተም ስትሄዱ እግራችሁን የሚይዛችሁ፣ ስትቆሙ የሚለቃችሁ ከሆነ ብርድ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ በተለይ ስኳር ወይም ግፊት ካለባችሁ፣ ወይም ካጨሳችሁ። የቀዘቀዘን እግር በሙቅ ውሃ አታሙቁ፤ ካልሲ ይበቃዋል። ጣቶቻችሁን በየቀኑ እዩ፤ ቁስል ካለ አትዘግዩ። ሐኪሙ የእግራችሁን ትርታ እንዲፈልግ ጠይቁት፤ መራመዱንም እሱ ሲፈቅድ ጀምሩ። ጸበሉን ጠጡ፤ ጠጥታችሁ ግን ሐኪም ዘንድ ታዩ።

ባለፈው እሑድ ዳገቱ ላይ ያዘኝ። ዘነበች ነጠላዋን እያስተካከለች ዞር አለች።

«ደግሞ ቆሙ እትዬ?»

«እየታከምኩ ነው» አልኳት።

ተመልሳ አጠገቤ ቆመች።