ሠላሳ አንደኛዋ ሪሀና

እቴነሽ ስትናደድ አትጮህም፤ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሸዋሮቢት ሂሳብ ስታስተምር ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ መነጽሩ ከወረደ አለቀ። ያን ቀን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ መነጽሯ ከወረደ ቆይቷል፤ ይባስ ብሎ መጮህም ጀምራለች።

«ሠላሳ አንደኛ? ሪሀና ሠላሳ አንደኛ? ጋሽ ወርቁ፣ ይቀልዳሉ?»

ነገሩ የልዩ ተሰጥዖ ተማሪዎች ፕሮግራም ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሰጣል፤ የሚገቡበት ደግሞ ከየክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡ ብቻ ናቸው። ፕሮግራሙን ገምግሚ የተባለችው እቴነሽ ናት። የአዲስ ገቢዎች ስም ዝርዝር በዚያው ቀን ይዘጋል፤ ተማሪዋ ሪሀና አሁን ካልገባች ሌላ ዕድል የላትም፤ በሚቀጥለው ዓመት ክፍሏ ከፍ ስለሚል አይቀበሏትም።

ባለፈው ቅዳሜ ለግምገማው ብላ ቤተ ሙከራ ገብታ ነበር። አንድ ጆግ ሙሉ ማሾ፣ ያቺን አረንጓዴ ደቃቃ ጥራጥሬ፣ አስቀመጠችና፣ ስንት ፍሬ እንዳለው ሁሉንም ሳትቆጥሩ ንገሩኝ አለች። ባለደረጃዎቹ ደብተራቸውን አገላበጡ። ዳዊት የሚባለው ጎበዛቸው እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ፎርሙላው የትኛው ነው?» አይል መሰላችሁ! ሪሀና ተረኛ ሆና ወለል ልትጠርግ መጥታ በር ላይ ቆማለች። መጥረጊያዋን እንደያዘች፣ «በሃይላንድ ክዳን ሞልቼ እሱን እቆጥራለሁ፤ ከዚያ ጆጉ ስንት ክዳን እንደሚይዝ አያለሁ» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ግን ክዳኑ ውስጥ ላላ ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ ጆጉ ውስጥ ግን የታችኛው ይጠቀጠቃል። ትንሽ መጨመር አለበት» አለች።

«እና ይቺን ልጅ ወለል እናስጠርጋት!» አለች አሁን ወርቁ ላይ አፍጥጣ። «ፎርሙላ ለሚለምን ወንበር፣ ለምታስብ መጥረጊያ! ይሄ መምረጥ ነው ወይስ ፌዝ?»

«እኔ ምን ላድርግ? መመሪያው ደረጃ ይላል።»

«መመሪያው ገደል ይግባ!»

«ደረጃ ከሰማይ አልወረደም እቴነሽ፤ እናንተ መምህራኑ የሰጣችሁት ውጤት ድምር ነው» አለና የውጤት መዝገቡን ዘረጋላት።

መነጽሯን አጠለቀች። ጣቷን በሪሀና ስም ትይዩ አሳለፈች። የጥቅምት ፈተና፣ ሂሳብ፣ ከሠላሳ ዜሮ። ፊርማው የራሷ ነው።

ጥቅምት የማሾ ለቀማ ነው። ማሾ በአንድ ጊዜ አይደርስም፤ የደረሰውን በዕለቱ ካልለቀሙት ፀሐይ ያፈነዳውና ፍሬው መሬት ላይ ይበተናል። ሪሀና ከአባቷ ከአብዱረዛቅ ጋር ሁለት ሳምንት ማሳ ላይ ነበረች። ተመልሳ መጥታ «ቲቸር፣ ይፈትኑኝ» ብላ ብትለምን፣ እቴነሽ «እኔ ዘንድ ሳያስፈቅድ የቀረ ዜሮ ነው» ብላ ከበር መልሳታለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህች ደንቧ ስትኮራ! ስንቱን የገበሬ ልጅ እንዲህ ከበር መልሳ ይሆን? አሁን በማን ትናደድ?

«ልፈትናትና ላስተካክለው» አለች ድምጿ ዝቅ ብሎ።

«መዝገቡ ተዘግቷል። አሁን ብትነኪው ማጭበርበር ነው የሚባለው።»

የግምገማውን ቅጽ ሳበችው። «ተማሪዎቹ በአግባቡ ተለይተዋል ወይ?» ይላል። ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭና «አልተለዩም፤ ጥፋቱ የኔም ነው» ብላ ጻፈችና ፈረመች። ወርቁ አንብቦ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ስም ዝርዝሩ ያለ ሪሀና ተለጠፈ።

ልጅቷን ግቢው በር ላይ አገኘቻት።

«ሪሀና፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። በዚያ ዜሮ ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ።»

ሪሀና አልተቆጣችም። ብትቆጣ በስንት ጣዕሙ!

«ምንም አይደል ቲቸር» አለች። «እኔ እኮ ያኔውኑ ደምሬዋለሁ። የቀረውን ሁሉ ብደፍን እንኳ ሦስተኛ አልደርስም። ወላሂ፣ ከዚያ ወዲህ ደብተር ገልጬ አላውቅም።»